ኢሜይል በድሮ ኔትወርክ ላይ፦ መንገዱንና አድራሻውን እንዴት ኮንፊገር እናድርግ

የመጀመሪያዋ ኢሜይል ደረሰች፣ የጠፋችው መልሷ ናት። ጎጆ ላይ ሆኜ ወደ ማዶ «ሰላም ነው?» ብዬ ላክኩ፣ ማዶ ላይ ገብቼ ሳይ ቁጭ ብላለች፣ ደስ ብሎኝ እዛው ሪፕላይ አደረግኩ፣ ከዛ ጠበቅኩ ጠበቅኩ፣ ወፍ የለም።

ጎጆና ማዶ ኮምፒውተሮች ናቸው። ሲምኤች የሚባለው ሲሙሌተር ላይ እንደ ድሮ ቫክስ ኮምፒውተር የማስነሳቸው፣ 4.3 ቢኤስዲ ዩኒክስ የተጫነባቸው (የ1986 ነው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አራት ማሽኖች አሉኝ። ጎጆ ትንሿ ናት፣ ያላት የስልክ መስመር ብቻ ነው። ዋርካ ሁሉም የሚደውልለት ሃብ ነው። ማዶ ከዋርካ ወዲያ ነው ያለው። በር ደግሞ ጌትዌዩ ነው (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሻግረው)፣ ከአራቱ ቲሲፒ/አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔቱን ቋንቋ፣ የሚያወራው እሱ ብቻ ነው። ስማቸውንና ኮንፊጉን እዚህ በፊደላችን ነው የምጽፈው፣ ማሽኑ ላይ ስታስገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው፣ ስሞቹንም በትንንሹ። በነዚህ አራት ማሽኖች የ1980ዎቹን የኢሜይል ራስ ምታት ከሞላ ጎደል በሙሉ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ቆይ መጀመሪያ፣ አድራሻና መንገድ

አድራሻ ማለት ሰውየው ማነው፣ የትኛው ማሽን ላይ ነው ያለው የሚለው ነው። መንገድ ማለት እዛ ለመድረስ በማን በማን በኩል ይታለፋል የሚለው ነው። ሲነገር የልጅ ነገር ይመስላል ግን የዛን ጊዜ ኢሜይል ላይ የሚያጋጥማችሁ ችግር አብዛኛው የሚመጣው ሁለቱ ስለተጨማለቁ ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሰው «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ሁለተኛው ላይ ታጠፍ፣ ከዛ ሰው ጠይቅ» ቢላችሁ አድራሻ አልሰጣችሁም፣ ከቆማችሁበት ቦታ የሚነሳ መንገድ ነው የሰጣችሁ፣ ሌላ ቦታ ቆማችሁ ብትሞክሩት አይሰራም። የኔ መልስም የጠፋችው በዚሁ ነው፣ «ከ» የሚለው መስመር ላይ አበበ@ጎጆ ይላል፣ ዋርካ ላይ ብሆን ይሰራል፣ ማዶ ግን ጎጆ የሚባል ማሽን ሰምቶም አያውቅ።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በታሪክ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 አርፓኔት (ከኢንተርኔት በፊት የነበረው ኔትወርክ) ላይ ከማሽን ወደ ማሽን ኢሜይል ሲልክ የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም ለመለየት @ን መረጠ፣ ያኔ ማሽኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ስም ብቻ በቂ ነበር። የሁሉም ማሽን ስምና ቁጥር ሆስትስ.ቲኤክስቲ የሚባል አንድ ፋይል ላይ ነው የሚጻፈው፣ ፋይሉን ኤስአርአይ የሚባል የምርምር ተቋም ያለው የኔትወርክ መረጃ ማዕከል ይይዘዋል፣ ሌላው በኤፍቲፒ እያወረደ ይጠቀማል። ዩዩሲፒ ግን ሌላ ዓለም ነው። ቤል ላብስ ውስጥ ማይክ ሌስክ የጀመረው ነገር ነው፣ ከ1979ኙ ቨርዥን 7 ዩኒክስ ጋር በየቦታው ተበተነ፣ ሞደም ያለው ሁሉ ለጎረቤቱ እየደወለ ፋይል ይቀባበላል፣ ማዕከል የለም፣ ሁሉን የሚያውቅ ፋይል የለም፣ እያንዳንዱ ማሽን የሚያውቀው የሚደውልላቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ላኪው መንገዱን ራሱ ከነጠመዝማዛው መጻፍ ነበረበት።

መስመሩን መዘርጋት

ኢሜይሉን ከማሰባችሁ በፊት ሁለቱ ማሽኖች መደዋወል አለባቸው። ስም ስትመርጡ አጭር ይሁን፣ ብዙው ዩዩሲፒ ከስሙ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 7 ፊደሎች ነው፣ አንዳንዱ የድሮ 6 ብቻ፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ብቻ የሚለያዩ ስሞች ከሰጣችኋቸው አንዱ ባንዱ ፖስታ መጫወቱ አይቀርም።

ጎረቤቶቻችሁ የሚጻፉት ኤል.ሲስ የሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ጎጆ ላይ ያለው መስመር ይህን ይመስላል፦

ዋርካ ኤኒ2300-0700 ኤሲዩ 1200 ስልክቁጥር ኦጊን: ዩጎጆ ስወርድ: ሚስጥር

ከግራ ስታነቡት፦ ማንጋ እንደሚደወል፣ መቼ (ማንኛውም ቀን ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1፣ ፋይሉ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው)፣ በምን መሳሪያ (ኤሲዩ ራሱ የሚደውል መሳሪያ ነው)፣ በምን ፍጥነት፣ ስልኩ፣ ከዛ ሎጊን የሚደረግበት ንግግር። «ሎጊን» የሚለው የመጀመሪያ ፊደሉ የጎደለው ተሳስቼ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ማሽን በትልቁ ፊደል ይጀምረዋል ሌላው በትንሹ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሞደሙ ሲገናኝ የመጀመሪያዋ ፊደል ትበላለች፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጭራውን ነው። ፓስወርድም እንደዛው። ይሄ ፋይል የጎረቤቶቻችሁን ፓስወርድ የያዘ ስለሆነ ከዩዩሲፒ ዩዘር ውጪ ማንም እንዳያነበው ፐርሚሽኑን 400 አድርጉት።

ሌላው ኤል.ሲኤምዲስ ነው፣ ከውጪ የመጣ ማሽን እናንተጋ ምን ፕሮግራም ማስኬድ ይፈቀድለታል የሚለው። እዛ ውስጥ አርሜይል (የመጣውን ኢሜይል የሚቀበለው ፕሮግራም) ከሌለ ኢሜይሉ ይደርሳል ግን የሚያስረክበው አይኖርም። አርሜይል በቂ ነው፣ ሌላ ኮማንድ አትደርድሩበት።

ሙከራው፦ ዩዩሲአይሲኦን (ደውሎ ፋይል የሚቀባበለውን ፕሮግራም) በእጅ አስነሱት፣ ማስተር ሞድ (ደዋዩ እናንተ ሆናችሁ)፣ ወደ ዋርካ፣ ዲበግ 7 ላይ። ስክሪኑ ላይ የሚላላኩትን እያንዳንዱን ነገር ታያላችሁ፣ የት ላይ እንደተሰናከለ ወዲያው ይታወቃል። አንዴ ከከሸፈ በኋላ ግን ደግማችሁ ስትሞክሩ አልደውልም ብሎ ቢዘጋችሁ አትደንግጡ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ስፑል ዳይሬክተሪው (ተራ የሚጠብቁ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ኤስቲኤስቲ ብሎ የሚጀምር ፋይል ትቶ ሄዷል፣ የድጋሚ ሰዓት አልደረሰም ነው የሚላችሁ፣ አጥፉትና ቀጥሉ። ኤልሲኬ ብሎ የሚጀምር የመቆለፊያ ፋይልም እንዲሁ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ቀርቶ መስመሩ ሁሌ የተያዘ ያስመስለዋል። እኔ ኤስቲኤስቲዋን ባለማወቄ ሞደሙ ተበላሽቷል ብዬ የሲሙሌተሩን ሴቲንግ ግማሽ ቀን ስበጠብጥ ውያለሁ።

በቃለ አጋኖ የሚጻፍ መንገድ

መስመሩ ከሰራ ኢሜይል መላክ ይቻላል፣ ሌላ ምንም ኮንፊግ ሳይነካ ማለት ነው። ከጎጆ ማዶ ላይ ላለው አበበ፦

ዋርካ!ማዶ!አበበ

ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። ጎጆ «ዋርካ»ን ቆርጣ ለዋርካ ትሰጣለች፣ ለዋርካ የሚደርሰው ማዶ!አበበ ነው፣ እሱም ማዶን ቆርጦ ያሳልፋል፣ ማዶጋ ሲደርስ አበበ ብቻ ይቀራል። መንገዱ እየተበላ ይሄዳል። በተቃራኒው የላኪው ስም በየማሽኑ እየረዘመ ይመጣል፣ ማዶ ላይ ስትደርስ ኤንቨሎፑ (ማሽኖቹ ለማድረስ የሚያዩት ክፍል) ላይ ዋርካ!ጎጆ!ላኪው የሚል ተሰርቶ ታገኙታላችሁ፣ መልስ የሚመለሰው በዛ ነው።

ሲ ሼል ላይ ከሆናችሁ ቃለ አጋኖ የሂስትሪ ምልክት ስለሆነ እንዲሁ ብትጽፉት ሼሉ «እንዲህ የሚባል ኢቨንት የለም» ብሎ ይጮህባችኋል። እያንዳንዱ ቃለ አጋኖ ፊት የኋላ ስላሽ አድርጉ።

ያኔ ሰዎች አድራሻቸውን ሲሰጡ ከራሳቸው አይጀምሩም፣ ሁሉም ከሚያውቀው ትልቅ ማሽን ነው የሚጀምሩት፣ አይኤችኤንፒ4፣ ዴክቫክስ፣ ዩሲቢቫክስ፣ ሳይዝሞ የመሳሰሉ። «እስከዛ ድረስ እንደምንም አምጣው፣ ከዛ ወዲያ መንገዱ ይሄ ነው» ማለት ነው። መንገዱን ማንም እንደፈለገ መጻፍ ስለሚችል ማሾፍም ቀላል ነበር፣ አፕሪል 1 ቀን 1984 ከሶቪየቱ መሪ ቼርኔንኮ የመጣ የሚመስል ፖስት ዩዝኔት (የዘመኑ የውይይት ኔትወርክ) ላይ ወጣ፣ መንገዱ ላይ ሞስክቫክስና ክሬምቫክስ የሚባሉ ማሽኖች አሉ፣ ሁለቱም በዓለም ላይ የሌሉ፣ አምስተርዳም ያለው ፒት ቤርቴማ ነው የሰራው። ብዙ ሰው አመነ።

መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ፦ ፓዝአሊያስ

በእጅ መንገድ መጻፍ ሲሰለቻችሁ (ሦስተኛው ቀን ላይ ይሰለቻችኋል) ፓዝአሊያስ አለ፣ ስቲቭ ቤሎቪንና ፒተር ሃኒማን የጻፉት ፕሮግራም። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝና ግንኙነቱ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ትሰጡታላችሁ፣ ከናንተ ተነስቶ ወደሁሉም ያለውን ርካሽ መንገድ ያወጣላችኋል። የኛ ሰፈር ማፕ (ለማነጻጸር ያህል ጎጆ ለማዶ በቀጥታም ትደውላለች እንበል)፦

ጎጆ ዋርካ(ኢቭኒንግ)፣ ማዶ(ዴይሊ)
ዋርካ ጎጆ(ኢቭኒንግ)፣ ማዶ(አወርሊ)፣ በር(ዴዲኬትድ)

(ፋይሉ ላይ የላቲኑን ኮማ ተጠቀሙ።) ቅንፍ ውስጥ ያሉት ቃላት ቁጥር አላቸው፦ ሎካል 25፣ ዴዲኬትድ 95፣ ዳይሬክት 200፣ ዲማንድ 300፣ አወርሊ 500፣ ኢቭኒንግ 1800፣ ዴይሊ 5000፣ ዊክሊ 30000። የብር ዋጋ አይደለም፣ የመዘግየትና የመቸገር ዋጋ በሉት። እንግዲህ ከጎጆ ማዶ በቀጥታ 5000 ነው፣ በዋርካ በኩል 1800 ሲደመር 500፣ 2300፣ ስለዚህ ፓዝአሊያስ የሚያወጣው መስመር

ማዶ	ዋርካ!ማዶ!%ኤስ

ይሆናል፣ %ኤስ ባለበት የሰውየው ስም ይገባል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ዴይሊ የአወርሊ 10 እጥፍ ነው፣ 24 መሆን አልነበረበትም ወይ ትሉ ይሆናል። ሆን ተብሎ ነው፣ አንድ ማሽን ማለፍ በራሱ ወጪ ስላለው ቁጥሩ እውነተኛውን ሰዓት ቢከተል ኖሮ ፕሮግራሙ በአስር ማሽን የሚዞር መንገድ ይመርጥላችሁ ነበር። ቁጥሮቹን እንደመሰላችሁ አትቀያይሩ።

አንድ ነገር ግን፣ ይሄን ማፕ የያዘ ማሽን የሚፈተንበት ነገር አለ፣ በሱ በኩል የሚያልፈውን የሰው መንገድ «እኔ የተሻለ አውቃለሁ» ብሎ መቀየር። ላኪው ዋርካ!ማዶ!ሩቅ!አበበ ብሎ ሲጽፍ ዋርካ ላይ ያለው ሶፍትዌር «ሩቅ» የሚለውን ማፑ ላይ ፈልጎ በሌላ በኩል ይወረውረዋል። ማፑ ያረጀ ቢሆንስ? ሩቅ የሚባል ሁለት ማሽን ቢኖርስ? በዩዩሲፒ ዓለም ስም የሚያጸድቅ አካል ስላልነበረ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ማሽኖች እውነትም ነበሩ። እና ላኪው ምናልባት ያን መንገድ የመረጠው አንዱ መስመር እንደተበላሸ ስለሚያውቅ ነው። መንገድ የተጻፈለትን ኢሜይል አትንኩ፣ ማፑን ለራሳችሁ ዩዘሮች ብቻ ተጠቀሙበት።

ቃለ አጋኖና @ ሲገናኙ

አሁን ወደ ጉዱ መጣን። ይሄን አድራሻ እዩት፦

ማዶ!አበበ@በር

የአርፓኔት ልጅ የሆነ ማሽን @ን ነው መጀመሪያ የሚያየው፣ ወደ በር ይልከዋል፣ በር ደግሞ ማዶ!አበበ ብሎ ይቀጥላል። ዩዩሲፒ ብቻ የሚያውቅ ማሽን ግን ከግራ ስለሚጀምር መጀመሪያ ወደ ማዶ ይልካል፣ ማዶ ላይ ሲደርስ አበበ@በር የሚባል ይቀራል። አንድ አድራሻ፣ ሁለት ተቃራኒ መንገድ፣ ሁለቱም በራሳቸው ልክ ናቸው። መንገድ ላይ ካሉት ማሽኖች አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ካነበበ ኢሜይሏ ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ታድራለች። በ1986 የወጣው የማርክ ሆርተን አርኤፍሲ 976 (አርኤፍሲ የኔትወርክ ደንብ የሚጻፍበት ሰነድ ነው) @ ይቅደም፣ ከተቻለ ግን እንዲህ ያለ ድብልቅ ጭራሽ አትጻፉ ይላል።

ማምለጫው ፐርሰንት ነበር፦ አበበ%ማዶ@በር። ወደ በር ይሄዳል፣ በር የራሱን ስም ቆርጦ የመጨረሻውን % ወደ @ ይቀይረዋል፣ አበበ@ማዶ ይሆናል፣ ከዛ ያደርሰዋል። ስታንዳርድ አይደለም፣ ግን ሁሉም ቦታ ይሰራ ነበር፣ ስታንዳርዱ የፈቀደው ረጅሙ በኮማና በኮለን የሚጻፈው መንገድ ግን ማንም የማይወደው ሆኖ ቀረ፣ በ1989 አርኤፍሲ 1123 ራሱ ተዉት አለ። አዲስ ኮንፊግ ስትሰሩ % መቀበልን አስገቡ፣ ራሳችሁ ግን % ያለበት የላኪ አድራሻ አታውጡ።

ሴንድሜይል ሲኤፍ፣ በጥቂቱ

በኤሪክ ኦልማን የተጻፈው ሴንድሜይል (ኢሜይሉን በየመንገዱ የሚያሳልፈው ፕሮግራም) በ1983 ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር ነው የወጣው፣ ኮንፊግ ፋይሉም፣ ሴንድሜይል ሲኤፍ፣ ሰውን የሚያስፈራው በምክንያት ነው፣ የተጻፈው እላይ ያየነውን ዝብርቅርቅ በሙሉ ለማስተናገድ ነው። ግን ስትለምዱት ሐሳቡ አንድ ነው፦ የመጣውን አድራሻ መጀመሪያ ወደ አንድ መልክ ያመጣዋል (ሩልሴት 3፣ ሩልሴት ማለት የህግ ስብስብ ነው)፣ ከዛ በማን ይሂድ የሚለውን ይወስናል (ሩልሴት 0)። እያንዳንዱ ህግ በአር የሚጀምር መስመር ነው፣ በግራ ይመሳሰላል ወይ የሚለው፣ በቀኝ ወደምን ይቀየር የሚለው። $- አንድ ቃል፣ $+ አንድ ወይ ከዛ በላይ፣ $* ባይኖርም ግድ የለውም፣ $1 $2 ደግሞ የተገኙት በቅደም ተከተል።

ሩልሴት 3 ውስጥ፦

አር$-!$+	$2<@$1.ዩዩሲፒ>

ማለትም ማዶ!አበበ የሚለው አበበ<@ማዶ.ዩዩሲፒ> ይሆናል። የቃለ አጋኖውም የ@ውም አድራሻ አሁን አንድ ዓይነት ሆነ። ሩልሴት 0 ላይ የራሳችሁን ስም የሚይዘው ህግ ካለፈ በኋላ፦

አር$*<@$=ዩ.ዩዩሲፒ>	$#ዩዩሲፒ$@$2$:$1
አር$*<@$+.ዩዩሲፒ>	$#ዩዩሲፒ$@ዋርካ$:$2!$1
አር$*<@$+>	$#ዩዩሲፒ$@ዋርካ$:$2!$1

የመጀመሪያው፦ ጎረቤት ከሆነ (ክላስ ዩ ውስጥ ካለ) ለሱ ስጠው። ሁለተኛው፦ ጎረቤት ያልሆነ ዩዩሲፒ ማሽን ከሆነ ለዋርካ ስጠው ከነመንገዱ። ሦስተኛው፦ ሌላ ማንኛውም ዶሜይን ከሆነም ለዋርካ። ጎጆ ላይ ክላሱ ውስጥ ዋርካን ብቻ አስገቡ። ይሄ ነው ስማርት ሆስት የሚባለው፣ እና ለትንሽ ማሽን ከዚህ የተሻለ ኮንፊግ የለም ባይ ነኝ። የማታውቁትን የበለጠ ለሚያውቀው አሳልፉ፣ ጎጆ ላይ ፓዝአሊያስም የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ) ጣጣም አያስፈልግም፣ ፓዝአሊያሱ ዋርካ ላይ፣ ዲኤንኤሱ በር ላይ ይሁን።

የዩዩሲፒ ሜይለሩ (ኢሜይሉ በምን እንደሚላክ የሚናገረው) መስመር ላይ ዩዩኤክስ (ሌላ ማሽን ላይ ኮማንድ የሚያስኬደው ፕሮግራም) አርሜይልን ሲጠራ የተቀባዩ ስም በቅንፍ መሆኑን አረጋግጡ፣ ($ዩ) ተብሎ። ቅንፉ ከሌለ ዩዩኤክስ ቃለ አጋኖውን ሲያይ ሌላ ማሽን ላይ ያለ ፋይል መስሎት ሊያመጣው ይነሳል።

አሁን ወጥመዶቹ። በግራና በቀኙ መካከል ያለው ታብ ነው፣ ስፔስ አይደለም። ከሌላ ቦታ ኮፒ ፔስት ስታደርጉ ታቡ ስፔስ ይሆናል፣ ዓይን አይለየውም፣ ህጉ ግን አይሰራም። ሁለተኛው የከፋ ነው። ሴንድሜይል ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ ኮንፊጉ የሚቀዘቅዝበት ነገር አለ፣ ሴንድሜይል ኤፍሲ የሚባል ፋይል፣ እሱ ካለ ሲኤፉን አያነበውም። ህጉን አስተካክላለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ያው። ጭራሽ ሁሉንም ህግ አጠፋሁ፣ አሁንም ያው ይሰራል። እዛ ጋ ነው የነቃሁት። ሲኤፍ በነካችሁ ቁጥር ወይ በሰረዝ ቢዜድ እንደገና አቀዝቅዙት ወይ ኤፍሲውን አጥፉት፣ እኔ አጥፍቼው ነው የተገላገልኩት።

ለመሞከር ኢሜይል አትላኩ፣ ሴንድሜይልን በሰረዝ ቢቲ አስነሱትና እንዲህ ጻፉ፦

0 ማዶ!አበበ

እያንዳንዱ ሩልሴት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አድራሻው ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል፣ መጨረሻ ላይ ሜይለር ዩዩሲፒ፣ ሆስት ዋርካ፣ ዩዘር ማዶ!አበበ የሚል ካያችሁ ደህና ነው። በዚህ በድሮው ቨርዥን ሩልሴት 3 ራሱ ቀድሞ ይሮጣል፣ በቨርዥን 8 ላይ ግን 3,0 ብላችሁ ራሳችሁ መጥራት አለባችሁ፣ እሱን ያልጠራ ሰው «ህጌ አይመሳሰልም» እያለ ሲያለቅስ ይውላል።

ዶሜይንና ኤምኤክስ

ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን በ1983 መጨረሻ አወጣ፣ ኮም፣ ኢዱ፣ ኦርግ የመሳሰሉት በ1984 በአርኤፍሲ 920 ተወሰኑ፣ ግን ለኛ ዓይነቱ ስልክ ብቻ ላለው ማሽን ለውጡ የመጣው በጃንዋሪ 1986 ክሬግ ፓርትሪጅ በጻፈው አርኤፍሲ 974 ነው፣ ኤምኤክስ ሪኮርድ። ሐሳቡ፦ ጎጆ.ምሳሌ.ኦርግ የሚባል አድራሻ ለመኖር ጎጆ ኢንተርኔት ላይ መሆን የለባትም፣ «የሷን ፖስታ በር ይቀበልላታል» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። አድራሻው ከመንገዱ የተለየው እዚህ ላይ ነው። በር ቢቀየር፣ ዋርካ ቢሞት፣ ጎጆ ሌላ ሃብ ጋ ብትሄድ የአበበ አድራሻ ያው ነው።

የበር ዞን ፋይል (የዶሜይኑ ስሞች የሚጻፉበት) ላይ፦

ምሳሌ.ኦርግ. አይኤን ኤምኤክስ 10 በር.ምሳሌ.ኦርግ.
*.ምሳሌ.ኦርግ. አይኤን ኤምኤክስ 10 በር.ምሳሌ.ኦርግ.
በር.ምሳሌ.ኦርግ. አይኤን ኤ 192.0.2.25
በር.ምሳሌ.ኦርግ. አይኤን ኤምኤክስ 10 በር.ምሳሌ.ኦርግ.

መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብ እዩ። ከረሳችኋት ሰርቨሩ ዞኑን ራሱ ይጨምርበትና በር.ምሳሌ.ኦርግ.ምሳሌ.ኦርግ ይሆናል። የመጨረሻው መስመር ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ኮከቧ የምትሰራው ምንም ሪኮርድ ለሌላቸው ስሞች ብቻ ነው፣ በር የኤ ሪኮርድ (የአይፒ ቁጥሩ) ስላለው ኮከቧ አትሸፍነውም። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ነው የሚቀድመው፣ 20 ያለው ተጠባባቂ ነው። ኤምኤክስ የሚጠቁመው ስም ሲኔም (የሌላ ስም ተለዋጭ) መሆን የለበትም። ፋይሉን በነካችሁ ቁጥር ሲሪያሉን (የፋይሉን የእትም ቁጥር) ጨምሩ፣ ካልጨመራችሁ ሁለተኛው ሰርቨር አዲሱን አይወስድም።

በር ላይ ደግሞ ሁለት ዝርዝር ለዩ። አንዱ ክላስ ደብሊው ነው፣ «እነዚህ ስሞች እኔ ነኝ» የሚለው፣ እዛ ውስጥ በር.ምሳሌ.ኦርግና ምሳሌ.ኦርግ ይግቡ። ጎጆ.ምሳሌ.ኦርግን እዛ ካስገባችሁ በር ለጎጆ የመጣውን ሁሉ የራሱ ዩዘር መስሎት ፈልጎ ያጣና «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው የማሳለፊያ ቴብል ነው፦

ጎጆ.ምሳሌ.ኦርግ	ዋርካ!ጎጆ!%ኤስ
ማዶ.ምሳሌ.ኦርግ	ዋርካ!ማዶ!%ኤስ

የተገላቢጦሽ ስህተቱም አለ፣ ኤምኤክሱ ወደ በር ይጠቁማል፣ በር ግን ስሙን በሁለቱም ዝርዝር አያውቀውም። ያኔ በር ዲኤንኤስን ይጠይቃል፣ ዲኤንኤስ «በር ጋ ሂድ» ይለዋል፣ በር እኮ እሱ ራሱ ነው። ኤምኤክሱ ወደ ራሴ ይጠቁማል የሚል ኤረር ካያችሁ ዲኤንኤሱን አትነካኩ፣ የጎደለው ቴብሉ ነው። ተጠባባቂ ኤምኤክስ የሆነ ማሽን ደግሞ ራሱን ዝርዝሩ ውስጥ ካገኘ ራሱንና ከሱ እኩል ወይ በላይ ቁጥር ያላቸውን ጥሎ ወደ ትንንሾቹ ብቻ መላክ አለበት፣ አለዚያ ሁለት ተጠባባቂዎች እርስ በርስ ሲቀባበሉ ያድራሉ።

አሁን ወደ ጠፋችው መልሴ። ጎጆ ላይ ሄደሩ (ሰው የሚያየው የኢሜይሉ አናት) ላይ የሚወጣው «ከ» መስመር አበበ@ጎጆ መሆኑ ቀርቶ አበበ@ጎጆ.ምሳሌ.ኦርግ እንዲሆን $ጄን (ሴንድሜይል የማሽኑን ስም የሚይዝበትን) ሙሉ ስም አደረግኩት፣ የሜይለሩ የላኪ ሩልሴትም አጭሩን ስም ወደዚህ እንዲቀይር አስተካከልኩ። ዋርካ ላይ ደግሞ ቃለ አጋኖ ኤንቨሎፑ ላይ ብቻ እንዲጨመር አደረግኩ፣ ሄደሩን እንዳይነካ። ኤንቨሎፑ መንገድ ይሸከም፣ ሄደሩ አድራሻ ይያዝ። ማዶ ሪፕላይ ሲያደርግ ጎጆን አሁንም አያውቃትም፣ ግን ሦስተኛዋ ህግ እሱም ጋ ስላለች ለዋርካ ይሰጠዋል፣ ዋርካ ያውቃታል።

ሌሎቹ ኔትወርኮች

ከዩዩሲፒ ውጪ ጌትዌይ የምትሰሩ ከሆነ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። ቢትኔት (የዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ፣ 1981) ላይ ዶሜይን የለም፣ እስከ 8 ፊደል የሆነ የማሽን ስም ነው ያለው፣ ሰዉ .ቢትኔት የሚል የውሸት ዶሜይን ለጥፎ ወደ ጌትዌይ ይልክ ነበር፣ ኢቢሲዲክ የሚባል ሌላ የፊደል ኮድ የሚጠቀሙ አይቢኤም ማሽኖች ስለሆኑ ደግሞ እንደ ቃለ አጋኖ ያሉ ምልክቶች በትርጉም ሊቀየሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ወደዛ የሚሄድ አድራሻ ቀላል ይሁን። ፋይዶኔት (ቶም ጄኒንግስ፣ 1984) በቁጥር ነው፣ 2:250/3 የሚለው ኤፍ3.ኤን250.ዜድ2.ፋይዶኔት.ኦርግ ሆኖ ይገለበጣል።

የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ ጃኔት የባሰ ነበር፣ ዶሜይኑን ከትልቅ ወደ ትንሽ ነበር የሚጽፉት፣ ዩኬ.ኤሲ. ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ዲፓርትመንቱ። ጌትዌዮቹ የቱ ጫፍ ትልቁ እንደሆነ እየገመቱ ይገለብጡ ነበር፣ ቼኮዝሎቫኪያ ሲኤስ የሚል የአገር ዶሜይን ስታገኝ በሲኤስ የሚያልቁት የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች አድራሻ የቼኮዝሎቫኪያ መምሰል ጀመረ። ግምት የሚሰራ ህግ ሲኤፋችሁ ውስጥ ካለ አውጡት።

ከመዝጋታችሁ በፊት

ፖስትማስተር የሚል አሊያስ (ተለዋጭ ስም) በአራቱም ማሽን ላይ ይኑር፣ አርኤፍሲ 822 ያዛል፣ እና ሰው የሚያነበው ጋ ይድረስ። እኔ የጎጆን ወደ ዋርካ፣ የዋርካን ወደ ጎጆ አድርጌው ስልኩ በተገናኘ ቁጥር አንድ ደብዳቤ ሲመላለስ አግኝቻለሁ። አሊያስ ከቀየራችሁ በኋላ ኒውአሊያስስን ማስኬድ አትርሱ። ሙከራውንም ከአራቱም ወደ አራቱም አድርጉ፣ መላክ ብቻ ሳይሆን ሪፕላይ፣ እያንዳንዱን ስትከፍቱ ሄደሩ ላይ ቃለ አጋኖ ወይ % ካለ የሆነ ማሽን እየነካው ነው፣ ሪሲቭድ የሚሉትን መስመሮች ከታች ወደ ላይ እያነበባችሁ የትኛው እንደሆነ ያዙት።

እና ይሄን በር ዛሬ ካለው ኢንተርኔት ጋር አታገናኙት። ያኔ ሁሉም ለሁሉም ፖስታ ያሳልፍ ነበር፣ ይሄ ኮንፊግም ያሳልፋል፣ ፖርት 25 ከተከፈተ ስፓም ላኪዎች ወዲያው ያገኙታል። የዚያ ዘመን ሴንድሜይል ደግሞ በኖቬምበር 1988 የሞሪስ ዎርም የገባበት ዲበግ ኮማንድ ክፍት ሊሆንበት ይችላል። ሲሙሌተሩን ውጪ ከማያይ ኔትወርክ ላይ አስቀምጡት፣ ዲኤንኤሱንም የራሳችሁን ሩት አድርጉለት።